ከወንዝ ተነቅሎ ደረቅ መሬት ላይ ስለቆመው ድልድያችን

ይድረስ ለሾላ ምንጭ ከተማ ከንቲባ ለክቡር አቶ ምንይችል እና ለተከበረው የከተማው ምክር ቤት፣
ባላችሁበት፣ ይኸውም በፓርኩ።

ክቡራን ሆይ፣

እንደምን ከርማችኋል? ጉልበታችሁ፣ ወገባችሁ፣ በተለይም ሪባን የምትቆርጡበት ቀኝ እጃችሁ ደህና ነው ወይ? ጭብጨባ የለመደው ጆሯችሁስ እንደምን ሰነበተ? እኛ የታች ሰፈር ሰዎች፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁንና፣ ያልሞትነው ሁሉ ደህና ነን። የሞቱትም ቢሆኑ ከአንዱ በስተቀር በሰላም ተኝተዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ስለ አንዱ ነው፤ ከተኛበት ይነሣ ብላችሁ በማኅተም አዛችኋልና።

ስሜ ሽታው እንድሪስ ይባላል። ከተማችሁ ከተማ ሳትባል በፊት፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ የሚያልፈው መኪና ራዲያተሩን ውኃ ለመሙላት ብቻ ከሾላው ጥላ ሥር ይቆም በነበረበት ዘመን፣ እዚሁ የተወለድኩ ገበሬ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከገበያ ጨው ተጠቅልሎበት የሚመጣውን የጋዜጣ ቁራጭ እያነበብኩ ስለሆነ የጀመርኩትን ወሬ መጨረሻውን አግኝቼው አላውቅም ነበር። እናንተ ጀምራችሁ የማትጨርሱትን ሥራ ስመለከት ብዙም የማይገርመኝ ከዚያ ልማድ የተነሣ ይመስለኛል።

በሚያዝያ ወር ሕዝቡን ሰብስባችሁ "ለማኅበረሰቡ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሥራዎች" ብላችሁ ያነበባችሁልንን ዕቅድ ከልቤ ማድነቄን በመጀመሪያ እንድገልጽ ይፈቀድልኝ። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ በመብራት ሲታይ እጅግ ያምር ነበር። በሥዕሉ ላይ በከተማችን ጎዳና የሚሄዱት ሰዎች ሁሉ ወጣቶችና ቀጫጮች ናቸው፤ ከዘራ የያዘ የለም፣ ፍየል የሚነዳ የለም፣ የታመመ የለም፣ የሚቀበርም የለም። ይህ ሕዝብ ከየት እንደሚመጣ ባላውቅም፣ በመጣ ጊዜ የሚደሰትበት ከተማ ተዘጋጅቶለታል። እስኪመጣ ድረስ ግን በቦታው ያለነው እኛ ስለሆንን፣ የሚከተሉትን ቅሬታዎች በተለመደው ትሕትናዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ሐይቃችሁ።

ሐይቅ ከተማ ሐይቅ አላት፤ የሰጣት ፈጣሪ ነው። እዚያው አጠገቧ አርዲቦ የሚባለውን ሌላ ሐይቅ ጨምሮ ሰጥቷል። ለእኛ ለሾላ ምንጭ ሰዎች የሰጠን አንዲት ምንጭና የቄጠማ ወንዝ ብቻ ነው። ይህ አድልዎ ያንገበገባቸው የምክር ቤት አባላት ለልምድ ልውውጥ ወደ ሐይቅ ሄደው፣ ከዳርቻው ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ በልተው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ሲመለሱ፣ የቀሰሙት ልምድ "እኛም ይኑረን" የሚል ሆኖ ተገኘ። ከጽሕፈት ቤታችሁ ፊት ለፊት ጉድጓድ ተቆፈረ፤ በሲሚንቶ ተለሰነ፤ ሐይቅ ተባለ፤ ዙሪያው አበባ ተተክሎበት ፓርክ ተባለ። የፈጣሪ ሐይቅ ያለ ሲሚንቶ ይህን ሁሉ ዘመን ውኃውን ይዞ ሲኖር፣ የእናንተው ግን የተሞላበትን ውኃ ሳምንት ሳይሞላው ጠጥቶ ጨረሰው። አሁን ከላይ እንግዳ ይመጣል በተባለ ቁጥር በቦቴ ይሞላል፤ እንግዳው ሲሸኝ እሱም ይሸኛል።

ጎረቤታችን መስኡዳ፣ ጎመን እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ሴት፣ ቦቴው ሲያልፍ ጀሪካኗን ይዛ ተከትላ "የእኔ ልጆች፣ ሐይቁ ከጠገበ ለእኛም ጠብ አድርጉልን" ብትል ጥበቃው ቆመጡን አሳይቶ መልሷታል። ከሐይቁ መካከል የቆመው የሲሚንቶ ዓሣ ይህን ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያል። ከሹማምንቱም ከሐውልቱም የእኛን ችግር በትክክል የተረዳልን እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ውኃ የሚጠብቅ ነውና።

ሁለተኛ፦ ስለ ድልድዩ።

ሐይቅ ካለ ድልድይ ያምርበታል። ይህ ሐሳብ የመጣላቸውን ሰው አመሰግናለሁ፤ ማን እንደሆኑ ግን እንዳይነገረኝ እለምናለሁ፤ በስተርጅና እስር ቤት መግባት አልፈልግም።

የቄጠማን ወንዝ በበጋ ለሚያየው ሰው ፍየል የምትዘልለው ውኃ ነው። በሐምሌ ግን ከአምባሰል ተራራ ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ በሬን ከነቀንበሩ ይወስዳል። ይህ ወንዝ ታች ሰፈርን ጽሕፈት ቤታችሁና ፓርካችሁ ካሉበት ከላይ ሰፈር ይለያል። የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ከነመቃብሩ በእኛ በታች በኩል ነው፤ የሙስሊሞች መቃብር ደግሞ በላይ በኩል ነው። ሰዉ ግን በሁለቱም ማዶ ተደባልቆ ይኖራል። ስለዚህ በታች የሚሞት ሙስሊም ወንዙን ወደዚያ መሻገር አለበት፤ በላይ የሚሞት ክርስቲያን ደግሞ ወደዚህ መሻገር አለበት። ቅሬያችን አንድ ነው። ቅሬ ማለት፣ በሥራ ብዛት ለረሳችሁት የምክር ቤት አባላት ላስታውሳችሁና፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ አስከሬን የሚሸከም፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና፣ ያለ በጀትና ያለ ሪባን የሚሠራ ማኅበር ነው። ለሙስሊሙ ክርስቲያኑ ይቆፍራል፤ ክርስቲያኑን ሙስሊሙ ይሸከማል። ሲሆን የኖረው እንዲህ ነው።

ድልድዩን የሠራነው እኛው የቅሬው ሰዎች ነን። አስፋልቱ ላይ የተገለበጠ የጭነት መኪና ለዓመታት ተጥሎ ነበርና ባለቤቱን ለምነን ሻንሲውን፣ የብረት አጽሙን ማለት ነው፣ ወሰድን። በሰውና በበሬ ጎትተን ወንዙ ላይ አጋደምነው። ከላዩ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ የወይራ ጣውላ አምጥቶ ረበረበበት። የእኔ ጣውላ ከባድሩ ሐሰን ጣውላ ጎን ነበረች። ባድሩ የቅሬያችን ዳኛ፣ በእርሻ የሚያዋስነኝ፣ ከልጅነት እስከ ሽበት ስጨቃጨቀው የኖርኩ ወዳጄ ነበር። ድልድዩን በተሻገርን ቁጥር "ያንተዋ ጣውላ ታንሳለች" ሳይለኝ አያልፍም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሳይጠና የሁለቱም ሰፈር ሰው ወጥቶ የበሰበሰውን ይቀይራል። ያ ድልድይ ክርስቲያኑን ወዲህ፣ ሙስሊሙን ወዲያ ሲያሻግር አንድም ቀን አምፖል አልጠየቀም።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ክሬን መጣ። የቱሪዝም ባለሙያችሁ፣ ጫማው እንዳይቆሽሽ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ "ይህ የአብሮነታችን ቅርስ ነው፤ ቅርስ ደግሞ ወንዝ ላይ ተጥሎ ጎርፍ ሊበላው አይገባም" አለን። ባድሩ አዳምጦት ሲያበቃ "ልጄ፣ ድልድይ ከወንዝ ከተነሣ ምኑን ድልድይ ሆነው?" ብሎ ጠየቀው። ልጁም "አባባ፣ ዋናው ትርጉሙ ነው" አለው። ባድሩ ወደ እኔ ዞሮ "ሽታው፣ እንግዲህ ትርጉሙን ተራምደህ ተሻገር" አለኝ። ያ ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻው ቀልድ ነው።

ድልድዩ ተነቀለ፣ ተጫነ፣ ቀለም ተቀባ፣ ቀይና ቢጫ መብራት ተንጠለጠለበት፣ ከሲሚንቶው ጉድጓድ ላይ ተቀመጠ። "ጥንታዊ የአብሮነት ድልድይ" የሚል እብነ በረድ ቆመለት፤ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሰው ግን የመኪናው ፋብሪካ ቁጥር ከሥሩ አሁንም ይነበባል። በምረቃው ዕለት ዘፋኝ መጥቶ በአምባሰል ዜማ አሞገሰው። እናንተም፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የምክር ቤት አባል እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ፣ ከደረቅ ወደ ደረቅ ተሻገራችሁበት። ከሕዝቡ ያለቀሱ ነበሩ፤ ለምን እንዳለቀሱ የጠየቃቸው ባለመኖሩ የደስታ እንባ ነው ተባለ። ለወንዙ የሚሠራው አዲስ ድልድይ ደግሞ በዕቅዳችሁ መጨረሻ ገጽ፣ "ሌሎች" ከሚለው ሥር፣ "እንደ በጀቱ ሁኔታ" ከሚለው ጎን ተጋድሞ አይቼዋለሁ። ወንዝ የሌለው ድልድይና ድልድይ የሌለው ወንዝ በአንድ ከተማ አብረው እንዲኖሩ ማድረግ ለማንም የሚቻል ሥራ አይደለም፤ እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፦ ስለ ባድሩ።

ባለፈው ሐምሌ ባድሩ ሞተ። በእስልምና ሥርዓት ጀናዛ አይቆይም፤ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ፈጥኖ ከአፈሩ ይገናኛል። የላይ ሰፈር የቅሬ ሰዎች ከአባቱ መቃብር ጎን ጉድጓዱን ቆፍረው ጨርሰው ማዶ ቆመው ይጠብቁናል። እኛ ተሸክመነው ወዲህ ቆመናል። መካከላችን ወንዙ ሞልቷል።

ገመድ ወጠርን። ጎልማሶቹ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ገቡ። ውኃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ ሙሉጌታ የሚባለው ጎረቤታችን የረገጠው ድንጋይ ከዳውና ባድሩ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ያን ጊዜ ከሁለቱም ማዶ የወጣውን ጩኸት እናንተ አልሰማችሁትም፤ በፓርኩ ሙዚቃ ነበር። ጎትተን መለስናቸው። ውኃው የወሰደው ከላዩ የለበሰውን ጋቢ ብቻ ነው። ጋቢው የእኔ ነበር።

"በሩቁ የአስፋልት መንገድ ድልድይ ዞራችሁ መሄድ ትችሉ ነበር" ብላችሁ ኋላ መልሳችሁልናል። እውነት ነው። በጥር ይቻላል። በሐምሌ ግን በዚያ በኩል ያለው ጥቁር አፈር እጁን አወዛውዞ የሚሄደውን ሰው ጫማ የሚያስቀር ነው፤ እንኳን ሬሳ የተሸከመውን። ባጃጅ እንኳ በክረምት እዚያ ድርሽ አይልም።

ዝናቡ ሳያባራ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ደረሰ። ተሾመች የምትባለው አልቃሻችን ከወንዙ ዳር ቆማ፣

ድልድዩን ነቀሉት ለዓይን እንዲያምራቸው፣
ማዶ ለማዶ ሆኑ ሟችና አልቃሻቸው።

ብላ አወረደችው። ሙሾ እንደማይወዱ የምናውቃቸው ሼህ ኑርዬ ያን ቀን እንዳልሰማ ሆኑ። ከዚያ "ምድሩ ሁሉ የአላህ ነው፤ ወዲህ እናሳርፈው። ግን ከማን መሬት?" አሉ። ከእኔ ማሽላ ዳር፣ ከወይራው ሥር አልኩ። ያ ቦታ እኔና ባድሩ "ድንበር ገፋህ፣ የለም አንተ ገፋህ" እየተባባልን ዕድሜያችንን የተከራከርንበት ነው። ክርክሩን በመጨረሻ እሱ ረታ። ክርስቲያኖቹ ቆፈርን፤ ሼህ ኑርዬ ወደ ቂብላ አስተካከሉት። ማዶ ያሉት ሰዎች ከዚያው ሆነው ሰገዱ፤ ሲያበቁም ባዶውን ጉድጓድ መልሰው ደፈኑት። ይህን ሁሉ የጻፍኩላችሁ አሳዝናችኋለሁ ብዬ አይደለም፤ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እንድትረዱልኝ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ብስክሌት።

በከተማችን ብስክሌት የነበረው አንድ የጤና ባለሙያ ነው፤ እሱም ዳገቱ መርሮት ብስክሌቱን ሸጦ ወደ ደሴ ተቀይሯል። ምክር ቤቱ ግን ተስፋ ባለመቁረጥ የብስክሌት መንገድ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሥራዎች ሁለተኛው እንዲሆን ወስኗል። መንገዱ ከፓርኩ ተነሥቶ ወንዙን ተሻግሮ ከእኔ እርሻ ዳር ያበቃል፤ በዚያም "የብስክሌት ማቆሚያና አረንጓዴ ስፍራ" ይሆናል። በሥዕሉ ላይ ብስክሌቱ ወንዙን የሚሻገርበት ድልድይ ተሥሎ አይቻለሁ። ስለዚህ ከተማችን ለወንዙ ድልድይ ማሰብ እንደምትችል ታውቋል፤ ያልታወቀው እግር ያለው ሕዝብ እንዳላት ነው።

ባለፈው ሳምንት ባለሞተሩ መልእክተኛችሁ አንድ ወረቀት አምጥቶ አስፈርሞኛል። ርእሱ "ያለ ፈቃድ የተሠራን ግንባታ ስለማንሣት" ይላል። በይዞታዬ ላይ ያለ ፕላንና ያለ ፈቃድ የተሠራ የድንጋይ ክምር መኖሩ በባለሙያ መረጋገጡን፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ካላነሣሁም በራሴ ወጪ የሚፈርስ መሆኑን ይገልጻል።

ባለሙያው ልክ ነው። ፈቃድ አላወጣንም። ባድሩም ከመሞቱ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ ሳያስገባ በመቅረቱ በእሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሰው አክባሪ ስለነበር አስቀድሞ ቢነገረው ኖሮ ቀጠሮ ይጠብቅ ነበር። ለመዝገባችሁ እንዲረዳ ግንባታውን ልግለጸው። ባለ አንድ ክፍል ነው። መስኮት የለውም። ነዋሪው አንድ ሲሆን ጸጥተኛ ነው። ውኃ አይጠይቅም፣ መብራት አይጠይቅም፣ ስብሰባ ላይ እጁን አያወጣም። በዚህ ሁሉ ከእኛ ከቀሪዎቹ ይልቅ ለአስተዳደራችሁ የሚመች ዜጋ በመሆኑ እሱን ለማስነሣት መቸኮላችሁ ገርሞኛል።

ወረቀቱን ለባድሩ ባለቤት ለአሲያ አነበብኩላት። ሰምታ ስታበቃ "ጋሽ ሽታው፣ ባድሩ በዕድሜው ከሰው ደጅ ተነሥ ተብሎ አያውቅም። እሺ ይነሣ ይበሉ፤ ወደ አባቱ ሊወስዱት በምን ሊያሻግሩት ነው?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከመሐንዲሶቻችሁ አንዱም እንዳልጠየቀው አውቃለሁ። ሼህ ኑርዬ በበኩላቸው "የተኛ አይቀሰቀስም" ብለው ነገሩን ዘግተውታል።

አምስተኛ፦ አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ስለ ፓርኩ መጸዳጃ ቤት ነበር። ቁልፉ ከመሳቢያ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ መሆኑን ስለሰማሁ ግን፣ ሕዝቡ ሌላውን እንደሚታገሠው ሁሉ እኔም ቅሬታዬን ታግሼዋለሁ።

እንግዲህ ክቡራን፣ ቅሬው ባለፈው እሁድ ተሰብስቦ የወሰነውን እንዳሳውቃችሁ ታዝዣለሁ። ቅሬው እንደ ምክር ቤታችሁ አጀንዳ አያበዛም፤ የወሰነው ሁለት ነገር ብቻ ነው።

የባድሩን መቃብር ማንም አይነካውም። ክሬናችሁ የመጣ ቀን እንደ አዲስ ሐዘን ድንኳን ከላዩ ተክለን፣ ወንድና ሴቱ፣ ሙስሊምና ክርስቲያኑ ዙሪያውን እንቀመጣለን። ሐዘን ላይ ያለን ሰው በማሽን መግፋት በወሎ ምን ተብሎ እንደሚጠራ እናቶቻችሁን ጠይቁ።

ሁለተኛው ስለ ክረምቱ ነው። ሐምሌ እየመጣ ነው፤ ሞት ደግሞ እንደ በጀት እስኪፈቀድ አይጠብቅም። በታች የሚሞተው ሙስሊም ከባድሩ ጎን ማሽላዬ ዳር ቦታ አለው፤ ለእሱ አታስቡ። በላይ የሚሞተው ክርስቲያን ግን እንደ ወጉ በድልድያችን ይሻገራል። ድልድያችን ያለው በፓርኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅሬው አስከሬኑን ተሸክሞ፣ ቄሱን አስቀድሞ፣ በዋናው በር ይገባል፤ ድልድዩን ይሻገራል፤ ድልድዩ ካደረሰው ቦታም ያሳርፈዋል። ድልድዩ የሚያደርሰው ከአበባው መደብ ነው። አካፋና ዶማ እኛው ይዘን እንመጣለን፤ ከእናንተ የምንፈልገው ሙዚቃውን እንድታጠፉልን ብቻ ነው።

ይህን ማየት ካልፈለጋችሁ ክሬኑ መንገዱን ያውቀዋል። ሰኔ ሳያልቅ ድልድዩን ከወሰደበት ይመልሰው። ለጣውላው አትጨነቁ፤ ቅሬው አዘጋጅቷል፤ አሲያም የባድሩን ድርሻ ከቤቷ አውጥታ አምጥታለች፤ ለክቶ የቆረጠው በሕይወት ሳለ እሱ ራሱ ነው፤ ከእኔዋ ዘንድሮም ትረዝማለች። መብራቱን አውልቃችሁ አስቀሩት። እብነ በረዱም ከሐይቃችሁ ላይ ይቆይ፤ ቢያንስ ዓሣው ሥራ ፈትቶ አይዋል፣ ያንብበው።

ምስጋናዬ እንደ ሐይቃችሁ ጥልቅ፣ አክብሮቴም እንደ ውኃው የማይጎድል መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ ለሪባን መቁረጫ መቀሳችሁ ረጅም ዕድሜ፣ ለእናንተም ወንዝን በዓይኑ የሚያይ አማካሪ እመኛለሁ።

ሽታው እንድሪስ
የባለ አንድ ክፍሉ ሕገ ወጥ ግንባታ ባለ ይዞታና የቅሬው መቃብር ቆፋሪ
ታች ሰፈር፣ ከወንዙ ወዲህ

ግልባጭ፦
ለሲሚንቶው ዓሣ፣ እንዲያውቀው ያህል

ማስታወሻ ለክቡር ከንቲባ ብቻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ በቀጣዩ እሁድ ለቅሬው ሰው ሳነብ፣ ከእርስዎ ጋር በላይ ሰፈር የሚኖሩት ወላጅ እናትዎ እመት ለተብርሃን ወንዙን በበጋው ድንጋይ ላይ እየረገጡ ተሻግረው መጥተው፣ ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። እንደሚያውቁት ባለቤታቸው፣ አባትዎ ማለቴ ነው፣ ያረፉት ከእኛ ዘንድ ጊዮርጊስ ነው። አንብቤ ስጨርስ በከዘራቸው መሬቱን መታ አድርገው ያሉትን ቃል በቃል እንዳደርስ አዘውኛል፦ "ጨምርበት፣ ሽታው። ከባሌ ጎን ካላሻገሩኝ ከዓሣው ጎን ይቅበሩኝ። ልጄም ለሌላ ሰው አያስቸግር፤ ያለ ፈቃድ የተሠራው ይነሣ የሚለውን ደብዳቤ በእናቱ ስም ራሱ ይጻፈው፤ ማኅተሙ እንደሆነ ከእጁ አይጠፋም።"